ወንድሜ ሳይጨርሰው የቀረው ፊልም

ዛሬ፣ ወንድሜ ናቲ ከመሞቱ በፊት ጀምሮ ያልጨረሰውን ፊልም፣ ላንቻ ሰፈር እቤታችን ቁጭ ብዬ ጨረስኩት።

የጃፓን አኒሜ ነው። ከተለያየ ዓለም የመጡ ሁለት ወጣቶች ይዋደዳሉ፤ ዓለማቸውን የሚያገናኘው በር ግን ሊዘጋ ነው።

ናቲ ታሞ ተኝቶ ሲያየው "በሃያ ሦስት ዓመትህ ካርቱን?" እያልኩ አሾፍበት ነበር። (ዛሬ ካርቱን ላይ የተነፋረቅኩት እኔው ነኝ።)

"ነይ አብረን እንጨርሰው" ሲለኝ "በቃ ነገ" አልኩት። በማግስቱ ሆስፒታል ገባ፤ አልተመለሰም።

ፊልሙ እንዳለቀ እማዬ ከጓዳ መጣች። "ያ ናቲ ሲያየው የነበረው ነው? ልጆቹ ተገናኙ?" አለችኝ።

ፊልሙ ላይ ግን በሩ ተዘግቶ እንደተለያዩ ቀርተዋል።

"አዎ እማዬ፣ ተገናኙ" አልኳት።

"ተመስገን" ብላ አጠገቤ ተቀመጠች።

እናንተስ፣ ያጣችሁት ሰው የጀመረውን ነገር ጨርሳችሁለት ታውቃላችሁ? እስቲ ንገሩኝ።