በግርማ ለቅሶ ላይ የሳቀው ሰው

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ሞጆ ውስጥ ስሜ ሲነሳ እስካሁን «ያ ለቅሶ ላይ የሳቀው» ይባላል አሉ። ስለዚህ ልርሳው ብል እንኳ የሚያስረሳኝ ሰው የለም።

የከባድ መኪና ሹፌር ነበርኩ። ከግርማ ጋር የጅቡቲን መንገድ ብዙ ዘመን ተመላልሰናል። የአንዳችን ጎማ ሲፈነዳ ሌላችን ሳንቆም አናልፍም ነበር። የእሱ ቤት ሞጆ፣ የእኔ አዳማ ነው። እኔና ባለቤቴ አስቴር ልጅ አልወለድንም። የግርማን ልጅ ሰላማዊትን ክርስትና ያነሳቻት አስቴር ናት። ልጅቷ አዳማ ኮሌጅ ስትማር እኛ ቤት ነበር የምትኖረው። እኔን «አባብዬ» ነው የምትለኝ።

ግርማ ከመሞቱ በፊት በነበረው ክረምት ስትሮክ መታኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በእግሬ ቆምኩ። ግራ እጄ ትንሽ ሰነፈ፣ መሪ መጨበጥም ቀረ እንጂ አፌ አልተያዘም። ሰው ሁሉ «ተረፍክ» አለኝ፤ እኔም አመንኩ።

ከዚያ በኋላ ነው እንባ የጀመረኝ። ቴሌቪዥን ላይ ለአንድ ሰው ሎተሪ ወጣለት ሲባል አለቅሳለሁ። አስቴር «ወጡ ጨው በዛበት» ስትል አለቅሳለሁ። እሷም «ሕመም ሆድ ያባባል፤ ያልፋል» ትለኛለች።

ጎረቤታችን ዘለቀ ሲሞት ደግሞ ድንኳኑን አናወጥኩት። ከዘለቀ ጋር በአጥር ተካሰን ለዓመታት ሰላምታ እንኳ አልነበረንም። የሄድኩት የእድሩን ቅጣት ፈርቼ ነው። እውነቱን ለመናገር ምንም አልተሰማኝም፤ እንባው ግን ዶፍ ሆነ። የእድሩ ዳኛ ትከሻዬን ይዘው «ቂም የማያውቅ ሰው ማለት አንተ ነህ» አሉኝ። የዘለቀ ሚስት እስከ ዛሬ በዓል በመጣ ቁጥር ዳቦ ትልክልኛለች።

ከዚያ ግርማ ሞተ። አንድ ማለዳ ከቤቱ እንደወጣ ልቡ ቀጥ አለ። ከአዳማ ሞጆ ድረስ ሚኒባስ ውስጥ ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነብኝ ያህል ነበር፤ አንዲት ጠብታ ግን የለም። አስቴርን «ስገባ ይወጣልኛል» አልኳት።

ደንቡን ታውቁታላችሁ። የቅርብ ሰው ከሌላ ከተማ ሲመጣ ከድንኳኑ በር ጀምሮ ድምፁን አውጥቶ እያለቀሰ ነው የሚገባው። የተቀመጠውም ተነስቶ አብሮት እንደ አዲስ ያለቅሳል። እኔን ሲያዩ «የግርማ ወንድም መጣ!» የሚል ጩኸት ተነሳ። ባለቤቱ እታገኝ ደረቷን እየመታች ብድግ አለች። «ግርማዬ ተነስ! ጓደኛህ መጣልህ፤ ምን ልበለው?» አለች። ሰላማዊት እጆቿን ዘርግታ ወደ እኔ መጣች።

አፌን ከፈትኩ። የወጣው ሳቅ ነው።

ፈገግታ አይደለም፤ ከሆድ የሚወጣ ሳቅ ነው። መጀመሪያ ለቅሶ መስሏቸው አብረውኝ ጮኹ። ከዚያ ፊቴን አዩት። አንድ በአንድ ዝም አሉና ድንኳኑ ውስጥ የእኔ ድምፅ ብቻ ቀረ። አፌን በእጄ አፈንኩ፣ ምላሴን ነከስኩ፤ አልቆመም። ውስጤ እያረረ ፊቴ ይስቃል። እታገኝ «ምን አደረግንህ?» አለችኝ፤ ቀስ ብላ ነው ያለችው። ሰላማዊት የዘረጋችውን እጅ መልሳ ጆሮዋን ያዘች።

የግርማ ታናሽ ወንድም ኮሌታዬን አንቆ ሊመታኝ ሲል ቶሎሳ የሚባል ሹፌር ጓደኛችን መሃል ገባ። «ዲሲ! ተወው በቃ፣ ጠጥቶ ነው» አለ ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅሎ፤ ጎትቶም አወጣኝ። በዚያ ቀን ውሃ እንኳ አልቀመስኩም ነበር። ቀብሩን ያየሁት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ቆሜ ነው።

አስቴር እዚሁ አዳማ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ወጣት ነው። ሁሉንም ስነግረው አልተገረመም። «ሹፌር ስለሆኑ በመኪና ልንገርዎ» አለኝ። «ሰው ሳቁንና ለቅሶውን የሚይዝበት ፍሬን አንጎሉ ውስጥ አለ። ስትሮኩ የእርስዎን በጥሶታል። ለጎረቤትዎ ያለቀሱትም ለጓደኛዎ የሳቁትም ከዚያው ነው፤ ልብዎ የለበትም።» መድኃኒት አዘዘልኝ፤ በእርግጥም እያደር ተወኝ።

እኔ ሞኙ ነገሩ በዚህ የሚያበቃ መስሎኝ ሽማግሌ ሰብስቤ ሞጆ ላክሁ። የግርማ ወንድም «አሁን ደግሞ ለነውርም የበሽታ ስም ወጣለት?» ብሎ መለሳቸው። ለእድራችን ዳኛ ደግሞ ለዘለቀ ያለቀስኩትም በሽታው እንደሆነ ብነግራቸው፣ «አይ፣ እሱንስ አትካድ፤ ያ ከልብህ ነበር» አሉኝ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ለእንባዬ ማንም ማስረጃ አልጠየቀኝም። ለሳቄ ግን ሐኪም እንኳ ምስክር ሊሆነኝ አልቻለም።

ከፋሲካ በኋላ ሰላማዊት ራሷ መጣች። ቤቷ እንዳልነበረ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ስለ በሽታው አንብቤያለሁ» አለችኝ። «አምኜዎታለሁ። አባቴን እንዴት ይወዱት እንደነበር አውቃለሁ።»

«እርስዎ» ስትለኝ ክፉኛ ደነገጥኩ። «ልጄ፣ እኔ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ያስጨርሱኝ» አለች። «አባቴን ባሰብኩ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ የእርስዎ ሳቅ ነው። ከጆሮዬ ላወጣው ሞከርኩ፣ ጸለይኩ፣ አቃተኝ። አሁንም እርስዎን ሳይ ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አስቴር ያቀረበችላትን ሻይ ሳትነካ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ለአስቴር ትደውላለች፤ እኔ አጠገቧ መሆኔን ካወቀች ግን ቶሎ ትዘጋለች። ጠልታኝ ቢሆን እቆጣ ነበር። ሰድባኝ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ያመነችኝ እሷ ብቻ ናት፤ ዓይኔን ማየት ያቃታትም እሷ ናት። ታዲያ በማን ልፍረድ? እኔ ያን ቀን ራሴን ማዘዝ አልቻልኩም፤ እሷም ዛሬ አልቻለችም።

በሚቀጥለው ሳምንት የግርማ ሙት ዓመት ነው። አስቴር ብቻዋን ትሄዳለች። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ስትመለስ «ሰላማዊት ደህና ናት?» ብዬ እጠይቃታለሁ። ከዚህ በላይ የተረፈኝ ነገር የለም።