ጭስ ያለበት ስኮፕ

ከሁለት ወር በፊት፣ ቅዳሜ ጠዋት... አማቼን፣ የባለቤቴን አባት፣ መኪና ውስጥ አስገብቼ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ስፕሪንግፊልድ ነዳሁ። ስኮፕ ልገዛ ነው። ያው ጠመንጃ ላይ የሚገጠመው፣ ሩቁን የሚያቀርበው መነጽር።

ሳምንቱን ሙሉ ሆቴል ውስጥ ኤሲና ቧንቧ ስጠግን ነው የምውለው። ቅዳሜ ሲመጣ ሬንጅ ሄጄ ተኩስ እለማመዳለሁ። ሰው ጎልፍ ይጫወት የለ? እኔ ደግሞ ስድስት መቶ ያርድ ላይ የተሰቀለ ወረቀት እበሳለሁ። ማለቴ... ለመብሳት እሞክራለሁ።

አማቼን ያስከተልኳቸው በምክንያት ነው። ጎጃም ውስጥ በአገራቸው «አይስቱም» የተባሉ ተኳሽ ናቸው። ስኮፕ ለመምረጥ ከሳቸው የተሻለ ሰው ከየት አመጣለሁ?

ባለቤቴ ሂሩት ግን በዚያ ሰሞን በአባቷ ዓይን ምክንያት እንቅልፍ አጥታ ነበር። ሻይ ሲቀዱ ከኩባያው ውጪ ያፈሳሉ። የአፓርትማውን ደረጃ ስተው ለጥቂት ነው ከመውደቅ የተረፉት። ሦስት ጊዜ የዓይን ሐኪም አፖይንትመንት ይዛላቸው ሦስቱንም «ዓይኔን አመመኝ ያለ ማነው?» ብለው ካንስል አስደረጓት።

«አባቴ ቁጭ ብዬ እያየሁት ሊታወርብኝ ነው» ብላ ስታለቅስ «አታሟርቺ!» ብዬ የተቆጣኋት እኔ ነኝ። የሳቸውን ዓይን ከምጠራጠር የራሴን ብጠራጠር ይሻለኛል።

ሱቁ ደረስን። ሻጩ ጢሙ የሸበተ፣ ረጋ ያለ ፈረንጅ ነው። አንድ ስኮፕ አውጥቶ በመስኮቱ በኩል ከመንገዱ ማዶ ያለውን ታፔላ እንድናይበት ሰጠን። አየሁበት። ኩልል ያለ ነው። ለአማቼ አቀበልኳቸው።

ቀኝ ዓይናቸውን አስጠግተው አዩ... ቆዩ...

«ጭስ አለበት» አሉ።

«ምን አሉኝ አባባ?»

«ጭስ አለበት ነው የምልህ። ጉም የገባበት ዕቃ ነው። መልስለት።»

እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ምንም የለበትም። ግን አማት ጭስ አለበት ካሉ አለበት ነው፤ ሌላ ምን ይባላል? ዞሬ ሻጩን «ፎጊ ነው» አልኩት። ሰውየው በጨርቅ ጠረገው፣ በዓይን በኩል ያለውን ቀለበት አዞረ፣ ራሱም አየበትና ግራ ገባው። ሁለተኛውን አመጣ።

«ይሄ ይብሳል» አሉ።

ሦስተኛው የሱቁ ጉልቤ ነው፤ ሃያ አምስት እጥፍ ያቀርባል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ጓደኛዬ «እሱን ካልገዛህ ባትገዛ ይሻልሃል» ያለኝ እሱን ነው።

«ይሄማ ጭራሽ እርጥብ እንጨት የነደደበት ቤት ነው! እያታለሉህ ነው ልጄ፣ ተነስ እንውጣ!»

አይገርማችሁም... እኔም ማመን ጀመርኩ! ደግሜ አየሁና «እውነትም ትንሽ ጭጋግ ቢጤ አለው» አልኩ። ይሉኝታ እንዲህ ያደርጋል።

ሻጩ አማቼን በትኩረት አያቸውና ወደኔ ጠጋ አለ። «እስቲ በግራ ዓይናቸው ይሞክሩት በላቸው።»

ነገርኳቸው። በግራቸው አዩ። ከዚያ ስኮፑን እያገላበጡ «በዚህ በኩል ትንሽ ይሻላል» አሉ።

«ስኮፖቹ ደህና ናቸው» አለኝ ሻጩ በቀስታ። «ቀኝ ዓይናቸው ላይ ሞራ ሳይኖር አይቀርም። እኔም ነበረብኝ። ቶሎ ሐኪም ይያቸው።»

ክው አልኩ። የሂሩት ለቅሶ ትዝ አለኝ፣ የኔም ቁጣ።

«ምን ይላል?» አሉኝ አማቼ።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? የአገር ተኳሽ፣ በፈረንጅ ፊት፣ «ዓይንዎ ታሟል» ይባላሉ? ካልነገርኳቸው ደግሞ ዓይናቸው ሊጠፋ ነው። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ...

«አባባ፣ እዚህ አገር ስኮፕ የሚሸጠው በዓይን ልክ ነው ይላል። መጀመሪያ ሐኪም ዓይንዎን ለክቶ ወረቀት ካልጻፈ አልሸጥም አለ።»

አሰብ አደረጉ። ሊቆጡ ነው ብዬ ተሸማቀቅኩ።

«ታዲያ ቀድሞ እንዲህ አይልም? ጫማስ በቁጥር አይደል የሚገዛው! ሰኞ ውሰደኝ።»

ሂሩት ስንት ወር የለመነችውን ነገር ስኮፕ በአንድ ጠዋት ጨረሰው። ቤት ገብቼ በጆሮዋ ስነግራት እየሳቀች አለቀሰች።

ሐኪሙም ያው ሞራ ነው አለ፤ ኦፕራሲዮን አደረጋቸው። ዓይናቸው የተፈታ ዕለት ሂሩትን ትክ ብለው አይተው «ሸበትሽ እንዴ ልጄ?» አሏት።

«በማን ሆነና አባዬ!» አለቻቸው፣ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ።

ትናንት ከሰዓት ተመልሰን ሄድን። አማቼ የሐኪሙን ወረቀት አጥፈው በደረት ኪሳቸው ይዘዋል። አውጥተው ለሻጩ ዘረጉለት። እኔ ከጀርባቸው ሆኜ ጠቀስኩት። ገባው፤ ይባረክ! ወረቀቱን በቁም ነገር ከላይ እስከ ታች አንብቦ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ሦስቱንም ስኮፕ ደረደረላቸው።

ትልቁን አዩና ገፋ አደረጉት። «ይሄ አቅርቦ አቅርቦ ትንፋሼ ራሱ ዒላማውን ያናውጥብኛል። ሰውን ዝም ብሎ ያሳብዳል።» ስተረጉምለት ሻጩ አውራ ጣቱን አነሳ። «እሱን ግዛ» ያለኝ ጓደኛዬ አለመኖሩ ቆጨኝ።

ከዚያ የመጀመሪያውን፣ አቅሙ መካከለኛ የሆነውን አነሱ። በቀኝ ዓይናቸው ረጅም ጊዜ አዩ። ፊታቸው በራ።

«ታፔላው ላይ ያለችው እርግብ ክንፏን እያከከች ነው... ይሄ ነው ዕቃ! ይሄን ግዛ።»

አላስችል አለኝ። «አባባ፣ ይሄ እኮ ያኔ ጭስ አለበት ያሉት ነው።»

ስኮፑን ከዓይናቸው እንኳ አላነሱም።

«ጠርገውት ነዋ!»

«አዎ አባባ፣ ደህና አድርገው ነው የጠረጉት» ብዬ ልከፍል ሄድኩ።