ለሻምበሉ የታደሰው ሰዓት

ጀብሪል ሰዓት ሠሪ መካነ ሰላም ዋናው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ግንብ ቤት ጋር በተጣበቀች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ሠላሳ ስድስት ዓመት ተቀምጧል። በድሮው የወረቀት ቋንቋ «ንዑስ ከበርቴ» ተብሎ ይመደብ ነበር። የከበርቴነቱ ማስረጃ አንድ ጠረጴዛ፣ በላስቲክ የታሰረ አጉሊ መነጽር፣ ሁለት ወረንጦና የሞቱ ሰዓቶች የሞሉበት የወተት ዱቄት ጣሳ ነው። ሰፊው ሕዝብ ስልክ ከያዘ ወዲህ ወደሱ ብቅ የሚለው የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ለማስቀየር ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ ከከላላ በበቅሎ የመጣ ሽማግሌ «የአባቴ ናት፣ እስቲ ነፍስ ዝራባት» ይለዋል።

ይህ ሁሉ ጀብሪልን አያናድደውም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚያናድደውም የሚያስደስተውም ነገር አልቋል። «እንዴት ከረምክ?» ሲሉት «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ አፉ ይላል እንጂ እሱ እዚያ የለም።

ከጣሳው ውስጥ አንድ ሰዓት ለብቻው በጨርቅ ተጠቅልሎ ይኖራል። በሰማንያ ሦስት፣ ጦሩ ሲበተን፣ ከሸሚዙ ሁለት ቁልፍ የጎደለበት አንድ ሻምበል በሩ ላይ ቆመና ከክንዱ ፈታው። «እየዘገየ ነው፣ አጽዳልኝ። ማክሰኞ እመለሳለሁ» አለ። ሶሻሊዝምም ለዓመታት ትደርሳለች ሲባል ነበር። ሁለቱም አልመጡም።

ሰዓቱ ከስዊስ የመጣ ከባድ ብረት ነው። ፊቱ ላይ ሦስት ትንንሽ ክቦች፣ ጎኑ ላይ ሁለት ቁልፎች አሉት። የላይኛውን ሲጫኑት ቀጭኗ ቀይ ጠቋሚ መሮጥ ትጀምራለች፣ አንዷም ክብ ደቂቃውን ትቆጥራለች። ደግመው ሲጫኑት ይቆማል፤ የታችኛውን ሲጫኑት ሁሉም ወደ ዜሮ ይመለሳል። ክሮኖግራፍ ይሉታል፤ ሀብታሞች የመኪና እሽቅድምድም የሚለኩበት ነው። ሻምበሉ ምን ይለካበት እንደነበር አልተናገረም። ያን ሰሞን ግን የሚለካ ሩጫ አልጠፋም ነበር።

ጀብሪል አጸዳው። ወረቀት ላይ «ሻምበል፣ ማክሰኞ» ብሎ ጻፈና አብሮ ጠቀለለው። የሰው አደራ፣ አማና ነዋ! አረፋ ሲቃረብ ሰው ቤቱን እንደሚለቀልቅ፣ እሱም በየዓመቱ አማናውን ያድስ ጀመር። ፊቱ ወደ ቢጫነት ሲያደላ ነጭ ቀለም ቀባው፤ ቁጥሮቹን በድመት ጸጉር ቡርሽ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ እንደገና ጻፋቸው። የደበዘዙትን የሰዓትና የደቂቃ ጠቋሚዎች ጥሎ በጨለማ የሚያበሩ የቻይና ጠቋሚዎች ተከለለት። ጭረቱን በጥርስ ሳሙና ፈግፍጎ ብረቱን እንደ ሠርግ ማንኪያ አብለጨለጨው። ባለቤቱ ሲመጣ እንዳያፍር።

ዘንድሮ ግንቡን ከነሱቋ ቦታ ንጉሡ የተባለ የብረታ ብረት ነጋዴ ገዛው። ሕንፃ ሊሠራ ነው። ንጉሡ ሲያፈናቅልም አክብሮት አይጎድለውም።

«ጋሽ ጀብሪል፣ እርስዎን የመሰለ ሰው አላስቀይምም። ወይ የቁልፍ ሦስት መቶ ሺህ ያምጡና ከምሠራው ሕንፃ ሥር ሱቅ ይያዙ፣ ወይ ማክሰኞ ይልቀቁልኝ።»

ሦስት መቶ ሺህ ብር ጀብሪል በሕልሙም አይቶ አያውቅ። ሱቋ ከሄደች ደግሞ እሱ የሚቀመጥበት ሌላ ቦታ በምድር ላይ የለም። አስተማሪ የሆነችው ልጁ ኢልሀም ዋጋ ቢያወጣ ብላ የሻምበሉን ሰዓት የጀርባ ቁጥርና ውስጡን በስልክ አንስታ አዲስ አበባ ላለ ምስክር ለሚባል የአሮጌ ሰዓት ነጋዴ ላከች። መልሱ ወዲያው መጣ፤ «ሌላ ፎቶ ለማንም አትላኪ። ፊቱን ራሴ መጥቼ አያለሁ። ያልተነካካ ከሆነ አንድ ሚሊዮን።» የሰው አማና ይሸጣል ወይ ተብለው ሸኹም ተጠየቁ። «ሠላሳ አራት ዓመት ጠብቀሃል። ሽጠው፣ ከገንዘቡ በባለቤቱ ስም ሰደቃ አውጣለት» አሉ።

ምስክር እሑድ ረፋዱ ላይ ደረሰ። ከአቀስታ ወዲህ ያለው መንገድ እያንገጫገጨ አቧራ አልብሶታል። ከቦርሳው ነጭ ጓንት አውጥቶ አጠለቀ፤ በዚያ አቧራ ላይ ነጭ ጓንት የሚያጠልቅ መደብ እንዳለ ከተማው ያን ቀን አወቀ። ጨርቁን ፈታ። ሰዓቱን ገለበጠው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሰዓት» አለ ጀብሪል።

«ፊቱን ማን ቀባው?»

«እኔ። ቢጫ ሆኖ ነበር።»

«እኔ እኮ የመጣሁት ለቢጫው ነው!»

«አባ በየዓመቱ ነው የሚያድሱት» አለች ኢልሀም፣ የምትረዳው መስሏት።

ሰውየው ግንባሩን ያዘ። «አዲስ የሚፈልግ ሱቅ ሄዶ ይገዛል፣ ጋሼ! የእኔ ደንበኞች የሚከፍሉት ለጭረቱ፣ ለደበዘዘው፣ ለወየበው ነው።»

«ለቆሻሻው?»

«ቆሻሻ አይባልም። ዕድሜ ነው የሚባለው።»

ጀብሪል የራሱን እጅ አገላብጦ አየ። «እሱስ እኔም ጋ አለ» አለ።

ኢልሀም ሳቀች፤ ወዲያው አፏን ያዘች። ምስክር አልሳቀም። «ከሥሩ የድሮው ቀለም አለ?»

«ፍቄ ነው የቀባሁት። ሳይፋቅ ቀለም አይዝም።»

«በቃ፣ ገድለውታል። ውስጡን ለመለዋወጫ አርባ ሺህ እወስደዋለሁ።»

«ሊፈታ ነው?»

«አዎና።»

ጀብሪል ሰዓቱን ከጓንቱ ላይ አነሳ። ጆሮው ላይ አደረገው፣ ይመታል። «የሚሠራ ሰዓት አይፈታም» አለና ከነወረቀቱ መልሶ ጠቀለለው። የአዲስ አበባው ሰው ለዚያ መንገድ ሁለተኛ ዙር ተዘጋጅቶ መኪናው ውስጥ ገባ።

ያን ቀን ጀብሪል ሊናደድ ሞከረ፤ አልመጣለትም። ኢልሀም «አባ፣ አንድ ነገር በሉ እንጂ» አለችው። «ምሳ ደርሷል?» አላት።

ማክሰኞ ጠዋት ንጉሡ አራት የቀን ሠራተኞች አስከትሎ መጣ። «ጋሽ ጀብሪል፣ ዕቃዎን ለማውጣት አንድ ሰዓት ሰጥቼዎታለሁ። ጨካኝ አይደለሁም።»

ጀብሪል ሰዓቱን ከጨርቁ አውጥቶ የላይኛውን ቁልፍ ተጫነ። ቀይዋ ጠቋሚ ተነሳች። ከዚያ እሱና ኢልሀም ጠረጴዛውን፣ ወረንጦዎቹን፣ ጣሳውን አንድ ባንድ አወጡ። ንጉሡ ማዶ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ግድግዳው ላይ ገና ሁለት ሰዓት ተሰቅሎ ነበር።

«በቃ፣ ሰዓቱ አልቋል። ንቀሉ!»

ጀብሪል ሰዓቱን ከፍ አደረገው። «ሃያ ስምንት ደቂቃ ነው የሄደው። ሠላሳ ሁለት ይቀራል።»

ሠራተኞቹ ተጠግተው አዩት። አንደኛው «ወላሂ ልክ ነው፣ እዩዋት ስትቆጥር!» አለ። መዶሻውን አስቀምጦ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሦስቱም ተከተሉት። ንጉሡ ስልኩን አወጣ፣ ስልኩም ያንኑ ነገረው። ሌላ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ለዚያ የእጅ ሰዓት ሙሉ ዋጋውን የሰጠ ሰው ቢኖር እነዚያ አራት የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ እነሱም ገዢ አይደሉም።

ስልሳው ሲሞላ ጀብሪል ጠቋሚዋን አቆማት፣ የታችኛውን ተጫነና ወደ ዜሮ መለሳት። «አሁን ግቡ» አላቸው።

ቆርቆሮው በሩብ ሰዓት ወረደ። ኢልሀም ጣሳውን አቅፋ «ባጃጅ ልጥራ፣ አባ? ወደ ቤት እንሂድ» አለች።

ጀብሪል ሰዓቱን ሞላ፣ ወረቀቱን አየ፣ የሱቋ ወለል የነበረው ቦታ ላይ ወንበሩን አመቻቸ።

«ትንሽ እንቆይ» አለ። «ዛሬ ማክሰኞ አይደል?»