ከፈላና በር እስከ አዴ ፋጡማ ደጅ

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ወጣቶች ለብሔራዊ ውትድርና ከየሰፈሩ በሚታፈሱበት ሰሞን ነው። ያን ቀን የበላሁትን ምሳ ሳስታውስ ዛሬም ያመኛል።

የቴሌቪዥን ሠዓሊ ነበርኩ። በየከተማው እየዞረ ምግብ ለሚያሳይ አዲስ ፕሮግራም መክፈቻ እንዳዘጋጅ ሐረር ተላክሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ካሜራው ከጀጎል ግንብ በሮች በአንዱ፣ በፈላና በር ገብቶ፣ በጠባቡ መንገድ አልፎ፣ አንድ ቤት ማዕድ ላይ ሲደርስ የፕሮግራሙ ስም ይወጣል። ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ለማወቅ ሰዓቴን ይዤ፣ እርምጃዬን እየቆጠርኩ፣ እስከ አንድ አረንጓዴ በር ድረስ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በየመታጠፊያው እየቆምኩም ነደፍኩ።

በሦስተኛው ላይ መንገዱ ጭር ማለቱን አስተዋልኩ። ሱቅ በደረቴው እንኳ ዕቃውን ሰብስቦ ሄዷል። ፈራሁ። የፈቃድ ደብዳቤዬ ሆቴል ቀርቷል፤ ለሰላይነት ደግሞ መልኬም ሥራዬም ይስማማል።

በዚህ መሀል አረንጓዴው በር ተከፈተና አንዲት እናት ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ፀሐዩ ፈጀህ እኮ! ግባ፣ ምሳ ብላ» አሉኝ።

አዴ ፋጡማ ይባላሉ። ስገባ በሩን ከኋላዬ ቀረቀሩት።

የአብሽ መረቅ አቀረቡልኝ። በላሁ። ጨመሩ። «በአላህ፣ ይቺን ብቻ!» ልነሳ ስል ሻይ መጣ፤ ሻዩን ስጨርስ ማንጎ። ዓይናቸው ከጓሮው በር አይነቀልም። ይህ ሁሉ ደግነት አልጣመኝም። የቀበሌ ጠባቂዎች እስኪመጡ ነው የሚያቆዩኝ አልኩ በልቤ።

ማንም አልመጣም። በመጨረሻ አላስቻለኝም፤ ንድፌን ዘረጋሁላቸው።

«አዴ፣ እኔ ሰላይ አይደለሁም። ለቴሌቪዥን ነው፤ የምግብ ፕሮግራም ነው።»

ወረቀቱን አዩና ቁጭ አሉ።

«እኛ ሰፈሩን ለአፈሳ የምትለካ መስሎን! አንተን እያበላሁ ልጄን በጓሮ አሸሸሁት። ያ ረቢ! ድንበር ሊሻገር የጅጅጋ መኪና ላይ ነው።»

እስከ መኪና ተራው አብረን ሮጥን። መኪናው ሄዷል።

ስንለያይ እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ። «እንግዲያ በቴሌቪዥንህ ንገርልኝ። የፈራነው ነገር የለም፣ ተመለስ በለው» አሉኝ።

«እሺ» አልኳቸው።

መክፈቻው ተሠራ፤ አለቆቼም ወደዱት። የአዴ ፋጡማን መልእክት ግን ማን አስተላልፍ ይለኛል? ልጁ ይመለስ አይመለስ አላውቅም። ሄጄ ያልጠየቅኩት ፈርቼ ነው። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን፣ እንደማልችል እያወቅኩ እሺ ማለቴ ነው።