ከባለጉዳይ በስተቀር

ነገሩ የሆነው ዘንድሮ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ሊዘጋ ግማሽ ቀን ሲቀረው ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ።

ስሜ አዲስ ነው። የወንድም የሴትም ስም ስለሆነ መመዝገቢያው ላይ ጾታዬን «ወንድ» ብለው ሞሉት። ርእሰ መምህራችን «ዛሬውኑ ወረዳ ሄደሽ ካላስተካከልሽ አትፈተኚም» አሉኝ። የላሊበላን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በሩጫ ወጣሁት።

በሩ ላይ ከታላቅ ወንድሜ ብዙም የማይበልጥ ፖሊስ ቆሟል። ከአጥሩ ሥር ሰው ድንጋይ ላይ ተደርድሯል።

«ስብሰባ አለ። መግባት ክልክል ነው» አለኝ።

«ወንድሜ በናትህ፣ ዛሬ ካልገባሁ እኮ ዓመቱ አለፈኝ!»

«ማንበብ አትችዪም እንዴ?» ብሎ በሩ ላይ የተለጠፈውን ጠቆመኝ። «ክልክል» የሚለው በትልቁ፣ በቀይ ተጽፏል።

አፈርኩ። ከገነተ ማርያም በእግራቸው የመጡ ሽማግሌ «ተይው ልጄ፣ እኛንም ቀዩን እያሳየን ሁለት ቀን መልሶናል» አሉኝ።

ያኔ ጠጋ ብዬ አየሁት። ከቀዩ በላይ ፀሐይ ያደበዘዘው ቀጭን መስመር አለ። ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«ከባለጉዳይ በስተቀር መግባት ክልክል ነው!»

ሽማግሌው ብድግ አሉ። «እንዴት አልሽ? እስቲ ድገሚው!»

ደገምኩት።

«ታዲያ እኛ ምንድን ነን? ለሽርሽር መጣን?» ሲሉ ድንጋዩ ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ።

ፖሊሱ ፊቱን አኮሳተረ። እኔም «አንተ የቆምከው እኮ ጉዳይ የሌለውን ልትከለክል ነው። እኛን ፈትሸህ አስገባን» አልኩት።

እሱም ወደ ጽሑፉ ዞሮ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው።

«እኔን የነገሩኝ ‹ማንም አይግባ› ብለው ነው። ኧረ ይቺ ልጅ ከሰሰችኝ! በሉ ተሰለፉ፣ መታወቂያ አውጡ።»

«እሷ ትቅደም፣ ጠበቃችን ናት!» አሉ ሽማግሌው።

ውስጥ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ጸሐፊዋ «ወንድ» የሚለውን አጥፍታ «ሴት» ብላ ጻፈችልኝ። ስወጣ እልል ማለት ነበር የቀረኝ።

ፈተናው ገና ነው። ግን እውነቴን ነው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የመንግሥት በር ሳይ ወደ ኋላ አልልም። አንብቤ ነው የምገባው።