በቃኝ ያልኩበት እራት

ቶሮንቶ የሄድኩት ለጉብኝት አይደለም፤ ለስለላ ነው። የላከኝም ታላቅ ወንድሜ መስፍን ነው። ልጁ ብሌን ምህንድስና ልትማር ሄዳ ትምህርቱን አቋርጣ ምግብ ቤት ተቀጠረች፤ ከዚያ ወዲህ አኩርፏት ስልኳን አያነሳም። "አንተ ሆዳም ነህ፤ ሂድና ቅመስ። ሥራ ከሆነ ሥራ ነው በለኝ፣ ቀልድ ከሆነም ንገረኝ" አለኝ። ሆዴ ለቁም ነገር ሲታጭ የመጀመሪያው ነበር።

ብሌን አልቆብኛል፣ አምጡልኝ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮሰረት። ቅቤ ሲነጠር የሚገባው ቅጠል እዚያ ምን ያደርግላታል ብዬ ሳልጠይቅ ከሾላ ገበያ አንድ ፌስታል ሙሉ ገዛሁ። ቶሮንቶ ኤርፖርት ፈታሹ ፌስታሉን ከፍቶ አሸተተና ምንድነው አለኝ። ለቅቤ ነው አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ቦርጬ ላይ ሲደርስ አመነኝና አሳለፈኝ።

ክሬሰንት ታውን

ብሌን የምትኖረው ክሬሰንት ታውን የሚባል የቶሮንቶ ሰፈር፣ አስራ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ውስጥ የአራት አገር እራት ይሸታል፤ እኔ በየፎቁ መውረድ እያማረኝ ወጣሁ።

"ነገ ማታ እኛ ጋ ይበላሉ፤ ሪዘርቭ አድርጌልዎታለሁ" አለችኝ። የእነ ስዊድንና ዴንማርክ ዓይነት ምግብ ነው፣ አስራ ሁለት ዓይነት ተራ በተራ ይቀርባል አለች። ዋጋውን ስጠይቃት "ጋሼ፣ ቢያውቁት አይወርድልዎትም" ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችና "አባዬ የሚያምነው እርስዎን ነው። እንዳያዝኑልኝ፤ ካልጣፈጠዎት አልጣፈጠኝም ይበሉት" አለች።

አስራ ሁለት ዓይነት የሚለውን ስለሰማሁ በማግስቱ ምሳ አልበላሁም።

እራት

እሷ በጊዜ ሥራ ገባች። እኔ ሙሉ ልብሴን ግጥም አድርጌ በሰብዌ፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ምግብ ቤቱ ያለበት ብሉር ጎዳና ደረስኩ። ምግብ ቤቱ ጠረጴዛው ጨርቅ የለው፣ ግድግዳው ሥዕል የለው፤ ቤቱ ውስጥ በደንብ የለበስኩት እኔ ብቻ ነኝ። ኩሽናው ክፍት ስለሆነ ብሌንን ነጭ ሽርጥ አድርጋ አየኋት። ቀና አላለችም።

መጀመሪያ የመጣልኝ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሣር ነው። በላሁት። አስተናጋጁ፣ ቀጭን ጨዋ ሰው፣ የሚበላው ከሣሩ ሥር ያለው ብስኩት እንደሆነ በትህትና አስረዳኝ። ቀጥሎ ጥሬ ሥጋ ሲመጣ አገሬ የገባሁ መሰለኝ፤ ግን ለአንድ ጥርስ ብቻ ነበር፣ ሌሎቹ ጥርሶቼ በወሬ ሰሙ።

ጥቁር ዳቦ በቅቤም ቀረበ። ልጨምርልዎት ወይ ሲለኝ እንዳደግኩበት በቃኝ አልኩ። እሺ ብሎ ሄደ። እኛ ቤት በቃኝ ማለት የድርድር መክፈቻ ነው፤ እዚያ ለካ ውሳኔ ነው።

ከብዙ ትንንሽ ሳህን በኋላ በጭስ የበሰለ ዓሣ መጣ፣ የቀለጠ ቅቤ ፈሶበት። ጎንበስ ስል ሸተተኝ፤ ያመጣሁት ኮሰረት ነው። አንዴ ጎረስኩ። ጭሱ ቀድሞ ገባ፣ ኮሰረቱ ቀስ ብሎ ከኋላው መጣ። ዓሣ እንዲህ ሆኖ በልቼ አላውቅም።

እናታችን እኔንና መስፍንን ስታሳድገን እንግዳ ሳህን አይጠርግም፣ የጣመውንም ሳይለመን አይጨርስም ብላ ነው። ስለዚህ ሹካዬን አስቀምጬ ልመናውን ጠበቅኩ። አስተናጋጁ መጥቶ ጨርሰዋል ወይ አለኝ። በክብር በቃኝ አልኩ። ሳህኑን አነሳው።

ዓይኔ ሳህኑን ተከትሎ ኩሽና ገባ። ብሌን የተረፈውን ዓሣ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች።

"ጋሼ፣ አልወደዱትም? የራሴ ፈጠራ እኮ ነው። ሼፉ ሜኑ ላይ አድ ካደረገልኝ ገና ሳምንቱ ነው።"

"ወድጄው ነው የተውኩት፤ እስክለመን ብዬ።"

"እዚህ እኮ ማንም አይለምንም።"

"እሱማ ከዳቦው ጀምሮ ገብቶኛል።"

ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ሳቋ አመለጣት። ተመልሳ ሄደችና ሙሉ ሳህን ይዛ መጣች። ከአጠገቤ ቆማ፣ አስተናጋጁ ግራ ገብቶት እያየን፣ "በአባዬ ሞት ይብሉልኝ" አለች።

ስልኳን በማያነሳው አባቷ ነው እንግዲህ የለመነችኝ። እናቴ ይቅር ትበለኝና ሳህኑን በዳቦ ጠረግኩት።

ቦሌ

የመጣሁ ጠዋት መስፍን ቦሌ ተቀበለኝ። መኪናው ውስጥ ገብተን "እህስ?" አለኝ። ሣር መብላቴን ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። ዓሣውን፣ ከዚያም በማን ሞት እንደተለመንኩ ስነግረው ግን ቁልፉን እንደያዘ ቀረ።

"ሥራ ነው?" አለ።

"ሥራ ነው።"

በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣ እንደ ዘበት፣ "ኮሰረቱ ይበቃታል?" አለኝ።

ከዚህ ጉዞ አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ሲመጣ እውነቱን ነው መመለስ፣ ሁለተኛው ላይመጣ ይችላል።

"አይበቃትም" አልኩት። "ምን ያህል እንደምትፈልግ ራስህ ደውለህ ጠይቃት።"

ስልኩን አወጣ። ቶሮንቶ ሌሊት እንደሆነ አልነገርኩትም፤ ከሥራ የምትገባበት ሰዓት ነው። እኔም ከመኪናው ወርጄ፣ እስክታነሳለት ድረስ፣ ምንም ያልሆነውን ሻንጣዬን አስተካክል ጀመር።