«ተመስገን» ማለቴ ያመጣብኝ ጥርጣሬ

ዛሬ ሥራ ሳላገኝ ሥራ እንዳገኘሁ ተጻፈብኝ።

በስደት በምኖርበት ሮዘተንቪል ሰፈር በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ነጻ የልብስ ስፌት ሥልጠና እወስዳለሁ። እምነት ሠልጣኞችን ምን ያህል እንደሚረዳ የምታጠና ሴት መጥታ «ሥራ እንዴት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ያስተረጎሙልን የሥልጠናው ኃላፊ ራሳቸው ናቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት። ታመንም ቢሆን የምንለው ይህንኑ አይደል?

የጻፈችውን ኃላፊው አነበቡልኝ፦ «በእምነቱ ሥራ አግኝቷል።»

«ጋሼ፣ ገና ሥራ ፈት ነኝ ይበሉልኝ እንጂ!»

«ልጄ፣ ምስጋናህን መልሰህ ልትወስድ ነው?» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ለሴትየዋ መለሱላት።

ሥራ ያገኘ ሰው የስፌት መኪናውን ለተረኛ ይለቃል። ሰኞ ስሄድ ቦታዬን እንዳላጣ እፈራለሁ። ጥናቱ የመዘነው እምነቴን ነው ወይስ ይሉኝታዬን?

እናንተስ በእንዲህ ያለ መጠይቅ ምን ብላችሁ ምን ተጻፈባችሁ?